የአያዬ ባቡር ጣራ የለውም

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። እንቅልፍ የመጣበት ካለም ትንሽ ይታገሰኝ፤ ባቡሩ ሳይመጣ መተኛት የለም።

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ነስራ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለች።

እናትና አባቷ ሱቅ ውለው የሚገቡት ማታ ነው። ቀኑን የምትውለው ከአያቷ ከዘይነባና ከአጎቷ ከሙኒር ጋር ነው።

አያቷን «አያዬ» ነው የምትላት። እኛ ሰፈር አያትን «አንቺ» ማለት ነውር የለውም፤ እንዲያውም ፍቅር ነው።

አያዬ ድሮ፣ አሮጌው ባቡር ይመጣ በነበረበት ጊዜ፣ ጣቢያው ላይ ጊሽጣ ትሸጥ ነበር። ቅርጫቷን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ከፉርጎ ፉርጎ ትሮጥ ነበር።

«ጊሽጣ! ጊሽጣ! የማር ጊሽጣ!»

ድምፅዋ ከባቡሩ ጡሩምባ ይበልጥ ነበር ይባላል። ማን ነው እንዲህ የሚለው? ራሷ አያዬ ናት።

ከዚያ ባቡሩ መምጣት አቆመ፤ ቅርጫቱም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ጥሪው ግን አልቀረም።

ሁልጊዜ ማታ፣ ነስራ አልጋዋ ላይ ስትወጣ፣ አያዬ በሩ ላይ ቆማ ትጣራለች። «ጊሽጣ! ጊሽጣ! የማር ጊሽጣ! በመስኮት ተቀበሉኝ!»

ነስራም ከአንሶላው ሥር እጇን ታወጣለች። አንሶላው ፉርጎ ነው፤ እጇ ደግሞ በመስኮት የወጣ የመንገደኛ እጅ ነው።

አያዬ ጎንበስ ብላ መዳፏን ትስማታለች። «እምጷ!»

«ጣፈጠ?»

«ጣፈጠ!»

ከዚያ እንቅልፍ። በየቀኑ እንዲህ ነበር።

አንድ ቀን ግን አያዬ ደረጃ ላይ አዳለጣትና እግሯን ታመመች። ሐኪሙ አይቶ «አልተሰበረም፤ ይድናል። ግን ዕረፍት፣ ረጅም ዕረፍት» አለ።

አያዬ ደግሞ ዕረፍት አትወድም። በየቀኑ አመሻሽ ላይ ወጥታ የድሮውን ጣቢያ በር አይታ ትመለስ ነበር፤ አሁን ያም ቀረ።

መስኮቱ ሥር ተቀመጠች።

ማታ ነስራ እጇን ከአንሶላው ሥር አወጣች። ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ጠበቀች።

ጥሪ የለም።

«አያዬ! ባቡሩ ቆሟል እኮ! ጊሽጣስ?»

«ይቅር በይኝ፣ የኔ እናት» አለች አያዬ ከወንበሯ ላይ። «ባቡሩን ካየሁት ስንት ጊዜዬ! አሁን ደግሞ የጣቢያውም በር ቀረብኝ፤ ጥሪውም ከአፌ ጠፋ።»

እናንተዬ! ጥሪም ከአፍ ይጠፋል?

የነስራ ሆድ ባባ። ያወጣችውን እጅ መልሳ አንሶላው ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ቁርሷን እንኳ ሳትጨርስ፣ ወደ አጎቷ ወደ ሙኒር ሮጠች።

ሙኒር የሱቅ ታፔላ ጸሐፊ ነው። ሥራ ሲጨርስ ግን፣ ከግቢው ማዶ፣ አምስት ደረጃ ተወጥቶ በሚገባባት ክፍሉ ውስጥ፣ ትንንሽ ባቡር ይሠራል።

አቦ! ምን ዓይነት ባቡር መሰላችሁ!

ትልቅ ጠረጴዛ ላይ አንድ አገር ሙሉ ተቀምጧል። ተራራው ከጋዜጣና ከማስቲሽ ነው፤ ዛፉ አረንጓዴ የተቀባ ስፖንጅ ነው፤ አሸዋው ግን ከደቻቱ ወንዝ የመጣ የእውነት አሸዋ ነው።

ሐዲዱ ሽቦ ነው። ከሐዲዱ ሥር የተደረደሩት የክብሪት እንጨቶች ናቸው፤ ሙኒር ትንፋሹን ይዞ አንድ በአንድ ነው ያጣበቃቸው።

የፉርጎዎቹ ጎማስ? የሸሚዝ ቁልፍ! የሙኒር ሸሚዝ ሁሉ ደረቱ ክፍት የሆነው ለዚህ ነው።

በጣት ገፋ ሲያደርጉት ባቡሩ ይሄዳል። «ገጭ-ገጭ! ገጭ-ገጭ! ቱቱቱቱ!»

«ቱቱቱቱ» የሚለው ሙኒር ራሱ ነው። ትልቅ ሰው ነው፣ ግን አያፍርም።

ነስራ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ብዙ አየች። እንዲህ ያለ ነገር መሥራት የሚችል አጎት ያለው ማን አለ?

«አጎቴ» አለችው፣ «የአያዬን ባቡር እንሥራላት። ካየችው ጥሪው ይመለስላታል።»

ሙኒር ጢሙን አከከ። «የአያዬን ባቡር? እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ በደንብ አላስታውሰውም።»

«እሷ ትነግረናላ!»

ተያይዘው ወደ አያዬ ሄዱ። «አያዬ፣ ባቡርሽ ምን ይመስል ነበር?»

አያዬ ዓይኗን ጨፈነች። «ከታች ቀይ፣ ከላይ እንደ ወተት ነጭ። መስኮቱ ወደ ታች ዝቅ የሚል።»

በሉ እንግዲህ፣ ሥራ ተጀመረ! ነስራ ካርቶን ያዘች፣ ሙኒር መቀስ ያዘ።

መቀሱ ቅርጭ! ማስቲሹ ልጥፍ! እንዲደርቅ ደግሞ እፍፍፍ!

ግድግዳ ቆሙ። «ቅርጭ! ልጥፍ! እፍፍፍ!»

መስኮት ከፈቱ። «ቅርጭ! ልጥፍ! እፍፍፍ!»

ከሙኒር የበዓል ሸሚዝ አራት ቁልፍ ተቆረጠና ጎማ ሆነ። «ቅርጭ! ልጥፍ! እፍፍፍ!»

ቀጥሎ ቀለም መጣ። ሙኒር በቀጭኗ ብሩሹ ከታች ቀይ፣ ከላይ ነጭ አደረገው፤ በሁለቱ መካከል ያለው መስመር አንዲት ቦታ እንኳ አልተጣመመም።

«ነስራ፣ ስሚኝ» አለ ሙኒር ጣቱን ቀስሮ። «ቀለም ሳይደርቅ አይነካም!»

ነስራ አልነካችም። አየችው ብቻ።

እንደገና አየችው። ቀዩ እንደ ከረሜላ ያበራል፤ የጣቷ ጫፍ በላት።

ድብ!

«ነስራ!»

«እኔ አይደለሁም!» አለች ነስራ፣ ቀይ ጣቷን ከኋላዋ ደብቃ።

ከመስኮቱ ሥር፣ ቀዩ ላይ፣ ትንሽዬ የጣት አሻራ ቀረች። ሙኒር ሊያድሰው ቆርቆሮውን ገለበጠ፤ ቀይ ቀለም አልቋል።

«ይሁን፣ ምን ይደረጋል» አለ ሙኒር። አላኮረፈም፤ ትንሽ ብቻ ተነፈሰ።

«ለአያዬ ይዘንላት እንሂድ!» አለች ነስራ።

«አይሆንም! ከሐዲድ የወረደ ባቡር፣ ባቡር መሆኑ ይቀራል፤ ሳጥን ነው። እሷ ደግሞ አምስቱን ደረጃ አትወጣም። ፎቶ እናንሳውና እናሳያት።»

ሙኒር ወንበር ላይ ወጣ። ስልኩን ከላይ ደገነ። «ቀጭ!»

ነስራ ፎቶውን ይዛ ሮጠች። አያዬ መነጽሯን አደረገችና አየች።

«ማሻአላህ! ሲያምር! ግን የኔ ባቡር አይደለም።»

«ለምን?»

«ይሄ ገና ሙሽራ ነው። የኔ ባቡር በረሃውን አቋርጦ፣ አቧራ ጠጥቶ ነበር የሚመጣው።»

ሙኒር ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። «እንዲህ ያለ ቀለም ቀብቼ አቧራ ላልብሰው?»

ነስራ ግን ደስ አላት። ልብስሽን አታቆሽሺ፣ እጅሽን አታቆሽሺ ስትባል የኖረች ልጅ፣ ዛሬ አቆሽሺ ተባለች!

የደቻቱን አሸዋ በጨርቅ ነፉት። በስፖንጅ ቁራጭ ጠብ ጠብ፣ ጠብ ጠብ አደረጉት፤ ፉርጎው ሩቅ አገር ሄዶ የመጣ መሰለ።

ሙኒር ወንበሩ ላይ ወጣ። «ቀጭ!»

«ማሻአላህ! ሲያምር! አቧራውም ልክ ነው» አለች አያዬ። «ግን የኔ ባቡር አይደለም።»

«ለምን?»

«እኔ እንጃ፣ የኔ እናት።»

ሙኒር ተመልሶ ወንበሩ ላይ ወጣና ፉርጎውን ከላይ ትኩር ብሎ አየው። «አገኘሁት! ጣራው ነው! ጣራው ባዶ ነው!»

ሦስት ቀን ሙሉ ጣራ ሠሩ። የጣራው ብሎን ምን ሆነ መሰላችሁ? ሰሊጥ! አንድ በአንድ፣ በስቴኪኒ ጫፍ እየተነሳ፣ ልጥፍ! ልጥፍ! ልጥፍ!

መቶ አርባ ሰሊጥ። ነስራ የበላችው አይቆጠርም።

ውይ፣ ጣራው ሲያምር! ሙኒር ራሱ ሁለት ጊዜ ዞሮ ዞሮ አየው፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ ወጣ። «ቀጭ!»

አያዬ ስልኩን አቀረበች፣ ደግሞ አራቀች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ጣራው ነዋ! ሰሊጡን አየሽው?»

«ጣራ?» አለች አያዬ። «እኔ እኮ የባቡሩን ጣራ አይቼው አላውቅም፣ ልጆቼ።»

የነስራን ጉንጭ ዳሰሰች። ስልኩን መለሰችላትና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሙኒር አምስተኛው ደረጃ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «ሦስት ቀን! መቶ አርባ ሰሊጥ!»

ነስራ ብቻዋን ወደ ክፍሉ ገባች። እንባዋ መጣ፤ ግን እንባዋን ስትጠርግ በክርኗ የቁልፍ ሳጥኑን ነካችው።

ቅንጭል! ቁልፎቹ መሬት ላይ ተበተኑ። አንዷ እየተሽከረከረች ጠረጴዛው ሥር ገባች።

ነስራ ተንበርክካ ገብታ ለቀመቻት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ቀስ ብላ ብቅ አለች፤ መጀመሪያ ግንባሯ፣ ከዚያ ዓይኗ።

ዓይኗ ልክ አሸዋው ጋ ሲደርስ ቀጥ አለች።

ባቡሩ ትልቅ ሆኗል! ቀዩ ግድግዳ እንደ ቤት ቆሟል፤ መስኮቱ ከላይ ነው፣ ሩቅ።

ጣራውስ? ነስራ ፈለገችው። ጣራው አይታይም!

ነስራ እየሮጠች ሙኒርን ዘልላው አለፈች። «አያዬ! አያዬ! ጊሽጣ ስትሸጪ የት ነበር የምትቆሚው?»

«የት እቆማለሁ? ታች ነዋ፣ ጠጠሩ ላይ» አለች አያዬ። «አጭር አይደለሁ? አንገቴ እስኪያመኝ ወደ ላይ አንጋጥጬ ነበር የምሸጠው።»

ነስራ አልቆመችም። ተመልሳ በረረች።

«አጎቴ! ከወንበሩ ውረድ! አያዬ ወንበር አልነበራትም!»

ሙኒር መጀመሪያ አልገባውም። ነስራ በሸሚዙ ጎትታ አንበረከከችው፤ ዓይኑ አሸዋው ጋ ሲደርስ አፉ ተከፈተ።

«አቦ! ነስራ!» አለ። «ስንት ዓመት ሠርቼ፣ አንድ ቀን ዝቅ ብዬ አላየሁትም!»

አሁን ሥራው ተጧጧፈ። ሙኒር ሰማያዊ ሸሚዙን አውልቆ ከባቡሩ ጀርባ ሰቀለው፤ ሸሚዙ ሰማይ ሆነ፣ አንድም ቁልፍ የሌለው ሰማይ።

ነስራ ከወረቀት ትንሽዬ እጅ ቆረጠች። «ቅርጭ! ልጥፍ! እፍፍፍ!» የወረቀቷ እጅ በመስኮቱ ወጥታ ወደ ታች ተዘረጋች።

ሙኒር ስልኩን ለነስራ ሰጣት። «አንቺ አንሺ። እንዳንቺ ዝቅ ማለት የሚችል የለም። ስልኩን ገልብጪው፤ ካሜራው ከታች ይሁን፣ አሸዋው ላይ ይረፍ።»

እሱ መጋረጃውን ገለጠ። የአመሻሽ ፀሐይ ገብታ ቀዩን ግድግዳ አበራችው።

ነስራ ትንፋሿን ያዘች። አንድ... ሁለት...

ሙኒር ግን የመጋረጃው አቧራ አፍንጫው ውስጥ ገባበት።

«እ... እ... እንጥሽ!»

አሸዋው ቡን አለ! ከጎማዎቹ ሥር ተነሥቶ ባቡሩን ከበበው።

«ቀጭ!»

«ወይኔ፣ አበላሸሁት!» አለ ሙኒር።

ሁለቱም ጎንበስ ብለው ፎቶውን አዩ። ከዚያ ተያዩ።

ፎቶው ውስጥ፣ አቧራው ገና እየቦነነ፣ አንድ ትልቅ ባቡር ጣቢያ እየገባ ነበር።

ወደ አያዬ ሲሄዱ አልሮጡም። ነስራ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ውኃ የሞላ ብርጭቆ የያዘች ያህል፣ ቀስ ብላ ሄደች።

አያዬ መነጽሯን አደረገች። አየች።

ነስራና ሙኒር ጠበቁ። አሁን «ማሻአላህ! ሲያምር!» ትላለች፤ ከዚያ «ግን» ትላለች።

አያዬ «ማሻአላህ» አለች፣ በቀስታ።

«ግን» አላለችም።

ጣቷን ከመስኮቱ ሥር፣ ትንሿ የጣት አሻራ ላይ አሳረፈች። «ይሄ የኔ እጅ ነው» አለች። «ቅርጫቴን ሳወርድ እዚህ ጋ ነበር የምደገፈው።»

ነስራ ቀይ የነበረውን ጣቷን አየችው። እንደገና ከኋላዋ ደበቀችው፤ ሙኒርም በዓይኑ ጠቀሳት።

ከዚያ የአያዬ ሌላው እጅ ወደ ጭንቅላቷ ወጣ። የሌለውን ቅርጫት አስተካከለች። አንገቷን ወደ ላይ ቀና አደረገች፣ ወደዚያች ወደተዘረጋች ትንሽዬ እጅ።

«ጊ...» አለች።

ነስራ መተንፈስ አቆመች።

«ጊሽጣ...»

«ጊሽጣ! ጊሽጣ! የማር ጊሽጣአአአ!»

እናንተዬ! ድመቷ ከመስኮቱ ላይ ዘላ ወረደች፤ የሙኒር ጆሮ ጭው አለ። ከአጥሩ ውጭ የሚያልፍ ባጃጅ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እማማ!» አለ ባጃጅ ነጂው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ጊሽጣ አለ እንዴ?»

«ባቡሩ ወስዶታል!» አለች አያዬ። «ነገ ቀድመህ ና!»

ከዚያ ሳቀች። እግሯን ከታመመች ጀምሮ እንዲህ ስቃ አታውቅም፤ ነስራም ሳቀች፣ ሙኒርም ሳቀ፣ ግን ሲስቅ ዓይኑን ይጠርግ ነበር።

መሸ። እናትና አባት ከሱቅ ገቡ፣ እራት ተበላ፣ ነስራ አልጋዋ ላይ ወጣች።

አንሶላዋን እስከ አገጯ ሳበች። ጆሮዋን አቆመች።

ኳ! ኳ! ኳ!

የአያዬ ምርኩዝ ነው። ቀስ ብሎ፣ ግን ቀጥ ብሎ፣ ወደ ነስራ በር እየመጣ ነው።

ኳ! ኳ! ኳ! በሩ ላይ ቆመ።

«ጊሽጣ! ጊሽጣ! የማር ጊሽጣ! በመስኮት ተቀበሉኝ!»

ነስራ ከአንሶላው ሥር እጇን አወጣች። ዘረጋችው፣ እስከቻለችው ድረስ።

«እምጷ!»

«ጣፈጠ?»

«ጣፈጠ፣ አያዬ። በጣም፣ በጣም ጣፈጠ።»

አያዬ መብራቱን አጠፋች። ከግቢው ማዶ፣ አምስት ደረጃ ተወጥቶ ከሚገባበት ክፍል፣ ቀስ ያለ ድምፅ ተሰማ። «ቱቱቱቱ...»

ባቡሩም ነስራን ይዞ ሄደ።

ገጭ-ገጭ... ገጭ-ገጭ... ገጭ...